የወንዝ ዳሩን ግንብ እንጨርስ፤ ሦስተኛ የድጋፍ ጥሪ

ለእድራችን አባላት፣ ከሰፈር ወጥታችሁ በየአገሩ ለምትኖሩ ልጆቻችን፤

«አሁንም ብር?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም መለመኑ ደክሞናል። ግን ጎርፍ ለወሰደው ልጃችን መታሰቢያ ከምንሠራው ግንብ ነሐሴ ላይ ስድስት ሜትር ያህሉ በአንድ ሌሊት ተንዶ ወንዝ ገብቷል። የቀረው ክረምቱን ችሎ ወጣ፤ የሚመጣውን ይችላል ብለን ግን አንተኛም።

ልጃችን የተወሰደ ቀን ሰፈሩ ላይ ጠብታ እንኳ እንዳልጣለ ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ የዘነበው እንጦጦ ላይ ነበር። የቀበና ወንዝ ነገር እንዲህ ነው፤ እኛ እዚህ ፀሐይ እየሞቅን ጎርፉ ከላይ ይደርሳል።

ከሰማንያው በኋላ ፎቶ ያለበት ሐውልት እናሠራ ብለን ቤታቸው ስንሄድ እናቱ አልተቀበሉንም። «ዳቦ ልገዛ በወጣሁ ቁጥር ፊቱን ድንጋይ ላይ ልየው?» አሉ። የፈለጉት የሌላው ሰው ልጅ የማይወድቅበትን ነገር ነው። አባቱ ደግሞ የበሩን መቃን አሳዩን፤ የልጁን ቁመት በየዓመቱ በእርሳስ ያሰመሩበት። የመጨረሻው መስመር ከመሬት 1 ሜትር ከ14 ነው። ግንቡ ከዚያ መስመር እንዲበልጥ፣ የአጥሩ ብረት ክፍተትም የታናሽ እህቱን ጭንቅላት እንዳያሾልክ አብረን ለካን። ደወሉም የእሳቸው ሐሳብ ነው፦ ላይኛው ድልድይ ጋ ያረጀ የመኪና ቸርኬ ይሰቀላል፣ ውሃው ሲሞላ ያየ ሰው ይመታዋል። ግንቡ ላይ የልጁ ስም አይጻፍ፣ ወይራ ይተከልበት ብለዋል። በስሙ ጉዳይ ኮሚቴው ውስጥ ብዙ ተከራክረናል፤ የቤተሰቡ ቃል ይጽና ብለን ዘጋነው።

ገንዘባችን የት ገባ ለሚል፦ የተናደው ሲቀር መሠረቱም፣ 40 ሜትሩ ግንብም፣ የአጥሩ ግማሽም ቆሟል፤ ሄዶ ማየት ነው። ቁፋሮውን ወጣቶቻችን በነፃ ሠርተዋል። የኮሚቴ አባል ከዚህ ብር ሻይ አልጠጣበትም። ግንቡ የተናደው ሲሚንቶ ተሰርቆ አይደለም፤ ከጀርባው የታቆረው ውሃ መውጫ አጥቶ ነው። የውሃ ማስወጫ ቱቦው ለወጪ ሲባል ይቅር ያልነው እኛው ነን። ይህ ጥፋታችን ነው፣ እንቀበላለን። በሌላው ግን አንታማም።

አሁን የሚያስፈልገን 50 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ሁለት ሲኖትራክ አሸዋ፣ ከግንቡ ጀርባ የሚሞላ አንድ ሲኖትራክ ጠጠር፣ ቱቦና ፌሮ ነው። ዋጋው ስለማይረጋ በብር አልጻፍነውም፤ በዓይነት ማምጣትም ይቻላል። ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ሙስሊሙም ለሰደቃ ብሎ ይስጥ። ለቅሶ ላይ አብረን ተቀምጠናልና እዚህም አንለያይ። ሥራው ከግንቦት ካለፈ ሰኔ ይቀድመናል።

ገቢ የሚደረገው በእድሩ ስም ንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የወር መዋጮ ደረሰኛችሁ ጀርባ ላይ ታትሟል። ብር የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም አትላኩ። በእጅ የምትሰጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ቤት ኑና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ።

አባቱ ቸርኬውን ገዝተው ቀይ ቀብተውታል። እስካሁን በራቸው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

ደግመን እንላለን፤ በእድሩ ሂሳብ ብቻ፣ ቁጥሩ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ነው።

የመታሰቢያ ሥራ ኮሚቴው