«የውሃ ጫማ ይያዙ» ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወደ ጅቡቲና ወደ ዛንዚባር ለሚጓዙ ባወጣችሁት ምክር ውስጥ፣ ከፀሐይ መከላከያ ቅባትና ከፓስፖርት ኮፒ ቀጥሎ፣ «የውሃ ጫማ መያዝ አይርሱ» የምትል አንዲት መስመር አለች። መስመሯ ትክክል ናት፤ ግን አንባቢውን መርካቶ ድረስ ወስዳ እዚያ ትተወዋለች። ሻጩ በአንድ ስም አራት የማይገናኙ ነገሮች ያወጣለታል፦ እንደ ካልሲ የሚለጠጥ ቀጭን፣ የጎማ ሶል ያለው ወፈር ያለ፣ ባለ ቀዳዳ ክሮክስ፣ አንዳንዴም ሁላችንም የምናውቀውን ኮንጎ። አራቱም ውሃ ይችላሉ። ባሕር መቻል ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ጫማው ሳይሆን ስለሚረገጠው መሬት ነው። በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ብዙ ቦታ ላይ ያለው ንጹሕ አሸዋ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ድንጋይ፣ የሞተ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) ስብርባሪና ዛጎል ተደባልቆበታል። እዚህ እግርን የሚጎዳው መቦጨቅና መጋጨት ስለሆነ የሶሉ ውፍረትና የጫማው አፍንጫ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው በዚያው የሚጎበኘው የአሳል ሐይቅ ደግሞ ለብቻው ነው። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ የሚጨው ሐይቅ ነው። ዳርቻውን የሸፈነው የጨው ቅርፊት ሲሰበር ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ይቆርጣል። በተቆረጠ እግር እዚያ ውሃ ውስጥ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል፣ ችግሩ የሚመጣው ውሃው ሲሸሽ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይጠጋል። ያኔ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ወለል ይገለጣል፤ ጎብኚውም ለመዋኘት ውሃ ሲያጣ በእግሩ ወደ ውስጥ መሄድ ይጀምራል። የባሕር ጃርት የሚባለው፣ ወለሉ ላይ የሚኖር ክብ እሾሃም እንስሳ፣ የሚረገጠው በዚህ ሰዓት ነው። እሾሁ ረጅም፣ ጥቁር፣ ውስጡ ክፍት የሆነና በቀላሉ የሚሰበር ነው፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበርና እዚያው ይቀራል። በሞምባሳ በኩልም ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ የኮራል አጥር ስላለ ውሃው ሲጎድል ወደዚያ በእግር መሄድ የተለመደ ነው፤ ስጋቱም ያው ነው።

አሁን ሶሉ ላይ ልቆይ፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለሱ ነውና። እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ዓይነት ሶሉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። ለሞቀ አሸዋ፣ ለመዋኛ ገንዳ ዳርና ለጀልባ ወለል ይበቃል፤ ለኮራልና ለድንጋይ አይበቃም። ለእነዚህ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ጎማ ያስፈልጋል። የሚለካውም ጥርሱ ላይ ሳይሆን በጥርሶቹ መካከል ባለው ስስ ቦታ ነው። ሱቅ ውስጥ ማስመሪያ ከሌለ በእስኪርብቶ መፈተን ይቻላል፦ አንድ እጅ ጫማው ውስጥ ይገባል፣ በሌላው እጅ የእስኪርብቶው ጫፍ ከውጭ ሶሉን ይጫናል። ከውስጥ ያለው ጣት ጫፉ የቱ ጋ እንዳለ ለይቶ ካወቀ ያ ጫማ ከአሸዋ አያልፍም። አንድ ነገር ግን ሳይደበቅ ይነገር፦ በሙሉ ክብደት የተረገጠን የባሕር ጃርት ሙሉ በሙሉ የሚያቆም የውሃ ጫማ እምብዛም የለም። ወፍራም ሶል የሚገባውን እሾህ ቁጥርና ጥልቀት ይቀንሳል፤ አይቶ መርገጥን አይተካም።

ከውፍረቱ ቀጥሎ የጎማው ልስላሴ ይመጣል። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ዝቃጭ ከሳሙና ይብሳል። ጥፍር ሲጫኑት ገባ ብሎ ወዲያው የሚመለስ ጎማ ይይዛል፤ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ድርቅ ያለው ያንሸራትታል። ሰዎች ትልልቅ ጥርስ ያለው ሶል የተሻለ ይመስላቸዋል። ለጭቃ እውነት ነው። ለእርጥብ ድንጋይ ግን ሜዳ ሆኖ ቀጫጭን ስንጥቅ የበዛበት ሶል ይሻላል፤ ውሃው በስንጥቁ ይወጣና ጎማው ድንጋዩን ይነካል፤ በትልልቁ ጥርስ መካከል ደግሞ ጠጠር ይሰካል። ከመግዛት በፊት ሻጩ ከፈቀደ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሁለት ሦስት እርምጃ መሞከር ብዙ ይናገራል።

ኮንጎን በተመለከተ፦ ርካሽ ነው፣ አይበሰብስም፣ በውሃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ዝናብና ጭቃ ላይ የሚያህለው የለም። ባሕር ላይ የሚወድቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ደረቅ ስለሆነ በአሸዋና በጨው ውሃ የራሰ ተረከዝን እንደ ሞረድ ይልጠዋል። ሁለተኛ፣ በጎን ቀዳዳዎቹ የገባ ጠጠር በቀላሉ አይወጣም። ክሮክስና መሰሎቹ የተሠሩበት ስፖንጅ መሰል ነገር ቀላልና ምቹ ቢሆንም ስለሚንሳፈፍ ማዕበል ከእግር ይነጥቀዋል፤ በዚያ ላይ የጅቡቲ ፀሐይ ያጋለው መኪና ውስጥ ከዋለ ይኮማተርና ቁጥሩ ያንሳል። ነጠላ ጫማ ከሆቴል እስከ አሸዋው ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ይሆናል። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ፣ ይገርማል፣ ሶሉ ከብዙዎቹ የውሃ ጫማዎች የበለጠ እሾህ ይችላል፤ ጣትን ክፍት መተዉ ነው ጉድለቱ።

ሳልባጅ የሚገዛ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። የውጭ ስም ያለበት፣ ያልተረገጠ የሚመስል ጫማ በጥሩ ዋጋ ይገኛል። ነገር ግን ፖሊዩረቴን ከሚባለው ነገር የተሠራ የሶል መሐል፣ ጫማው ሳይደረግ ቢቀመጥም እንኳ፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ለዓመታት ውስጡን ይበላዋል። ላዩ አዲስ ሆኖ ሶሉ ባሕር ውስጥ በሃያ ደቂቃ እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። አውራ ጣትን በሶሉ ጎን አጥብቆ መጫን ነው፦ ተሰርጉዶ ከቀረ ወይም ዱቄት ከወጣው ይተው። በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ወፍራም የጎማ ሶል ከሆነ፣ ከጉዞ በፊት ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ዙሪያውን ማሰፋት ያዋጣል፤ ክሩ ናይሎን ይሁን፣ ጥጥ በጨው ውሃ ይበሰብሳል። የመርፌው ቀዳዳ ውሃ ያስገባል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ የውሃ ጫማ ውሃ እንዳይገባ አይደለም የሚሠራው፣ የገባው ቶሎ እንዲወጣ ነው። ስሱን የካልሲ ዓይነት ግን ማሰፋት አይገባም፤ ሶሉ በክሩ መሥመር ይቀደዳል።

ውሃው እንደሚወጣ ለማወቅ ጫማውን ሞልቶ ማንሳት ነው፤ አሥር እስኪቆጠር አብዛኛው ካልወረደ በየእርምጃው ውሃ ተሸክሞ መሄድ ይመጣል። መውጫ ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል በመረብ ጨርቅ መሸፈን አለባቸው። የውስጥ ንጣፉ የተጣበቀ ይሁን፤ ልቅ ከሆነ ይንሳፈፍና ጣት ሥር ይጠቀለላል። ላዩ ኒዮፕሪን ከሚባለው ስፖንጅ መሰል ጎማ ሲሆን ይሞቃል፣ ለመድረቅም ይዘገያል፤ ለቀይ ባሕርና ለሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት መረብ ጨርቅ ይሻላል፣ የአፍንጫውና የጎኑ ዙሪያ በጎማ እስከተከበበ ድረስ። ማሰሪያው ተጣባቂ ቬልክሮ ከሆነ አሸዋ ሲሞላው መያዝ ያቆማል፤ የሚጠብቅ የላስቲክ ገመድ ይመረጣል።

ቁጥሩ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። እግር የሚለካው ማታ፣ ቆሞ፣ ወረቀት ላይ ነው፤ ከሁለቱ የሚረዝመው እግር ይወሰዳል። በሴንቲ ሜትር የተገኘው ርዝመት ላይ 1.5 ተደምሮ በ1.5 ሲባዛ የአውሮፓ ቁጥር ይወጣል፦ 24.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር 39 ማለት ነው። መንገድ ላይ እንደምናደርገው ጫማ ከፊት የአውራ ጣት ያህል ቦታ መተው እዚህ አይሠራም፤ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ውሃ ሲገባበት ጨርቁ ይላላል። ጫማውን አድርጎ ተረከዙን በሁለት ጣት ወደ ታች መሳብ ነው፦ ደረቅ ሆኖ በቀላሉ ከወለቀ ባሕሩም ያወልቀዋል። የፊት እግሩ ሰፋ ያለ ሰው ቁጥር በመጨመር ፈንታ ላዩ የሚለጠጥ ይፈልግ። ለልጆች ደግሞ «ለከርሞም ይሆነዋል» ተብሎ ሁለት ቁጥር መጨመር በትምህርት ቤት ጫማ ያምራል፤ በባሕር ግን ልጁ ይጠለፋል፣ አሸዋውም በክፍተቱ ገብቶ እግሩን ይልጣል።

ጫማው ለመጀመሪያ ጊዜ መርጠብ ያለበት ቤት ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ ግማሽ ሰዓት ያህል በግቢ መራመድ የቱ ጋ እንደሚፈትግ ያሳያል። የሚፈትገው ቦታ ላይ ቫዝሊን ይቀባል፤ ፕላስተር በውሃ ይለቃል። ከባሕር ሲመለሱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ወረቀት ጠቅጥቆ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይና የመኪና ሙቀት ማስቲሹን ይፈታሉ። ለአሳል ለብቻው ለአንድ ሰው 2 ሊትር የእግር ማጠቢያ ውሃ መያዝ ይገባል፤ እዚያ የደረቀ ጨው ስፌቱ ውስጥ ይጠነክርና በማግስቱ እንደ መስታወት ይወጋል።

ጫማ የማይሠራው ሥራም አለ። አሸዋ ውስጥ የምትቀበር፣ ጅራቷ ላይ መርዛም እሾህ ያላት ጠፍጣፋ ዓሣ አለች፤ እግርን ሳያነሱ አሸዋውን እየጎተቱ መሄድ ያስሸሻታል። ድንጋይ መስላ የምትተኛው የድንጋይ ዓሣ ግን አትሸሽም፤ የጀርባዋ እሾህ ስስ ሶል ይበሳል። የወጋችው ሰው እግሩን ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ፣ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነክሮ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ሙቀቱንም ያልተወጋ ሰው ይፈትን፣ የታመመው ሳያውቀው ይቃጠላልና። የተሰበረ የባሕር ጃርት እሾህ በመርፌ አይቆፈርም፤ ይበልጥ ይሰባበራል። መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ለሐኪም ይተዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ላይቆጠቁጠው ስለሚችል፣ ከውሃ በወጣ ቁጥር ጫማውን አውልቆ እግሩን ማየት አለበት።

ወፍራም ሶል አለኝ ብሎ ሕያው ኮራል ላይ መቆምም አይገባም። አንድ እርምጃ የሚሰብረው ለመመለስ ዓመታት ይወስድበታል፤ እስራኤል ውስጥ በቀይ ባሕር ዳር ኤላት ላሉ አንባቢዎቻችሁ ደግሞ ኮራልን መጉዳት በሕግ ያስጠይቃል። በአገር ውስጥም የውሃ ጫማ ከቢልሃርዚያ ያድናል የሚል እምነት አለ፤ አያድንም። ከቀንድ አውጣ ወደ ውሃው የሚወጣው ተባይ ውሃ በነካው ቆዳ ሁሉ ይገባል፤ ጣናና ሐዋሳ ላይ በጫማ የገባና ባዶ እግሩን የገባ ሰው በዚህ አይለያዩም።

ስለዚህ የጉዞ ዓምዳችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የባሕር ዳርቻ ስም ሲጠራ፣ ከሆቴሉ ዋጋ አጠገብ ሁለት ነገር ቢጨምር እላለሁ፦ የሚረገጠው አሸዋ፣ ድንጋይ ወይስ ኮራል መሆኑን፤ በዚያ ሳምንትም ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ