«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ሲባል የስንት ሰው ድምፅ ነው?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉት እድሮችና የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበራት ቃለ ጉባኤ ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የምትለው ሐረግ አትጠፋም። ሁሉም መስማማቱን ትነግረናለች፤ ስምምነቱ ከማን ጭንቅላት እንደወጣ ግን አትነግረንም። ይህ በሒሳብ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሞሪስ ደግሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ስሌት፣ ሰው በየዙሩ የራሱንና የሚሰማቸውን ሰዎች ግምት በሚሰጣቸው ክብደት እያባዛ ይደምራል። ለሮቶና ለፓምፕ ግዢ ሰብሳቢው 300 ሺህ ብር፣ ገንዘብ ያዡ 370 ሺህ፣ አንዲት ነዋሪ 500 ሺህ ገመቱ እንበል። ሰብሳቢው ለራሱ 0.8፣ ለገንዘብ ያዡ 0.2 ይሰጣል። ገንዘብ ያዡ ለራሱም ለሰብሳቢውም 0.5። ነዋሪዋ ለሰብሳቢው 0.5፣ ለገንዘብ ያዡና ለራሷ 0.25፣ 0.25። ከአንድ ዙር ውይይት በኋላ ግምቶቹ 314፣ 335 እና 367.5 ሺህ ይሆናሉ፤ ዙሩ ሲደጋገም ሦስቱም 320 ሺህ ላይ ይገናኛሉ። የመነሻዎቹ አማካይ ግን 390 ሺህ ነበር። ሁለቱ ኃላፊዎች ነዋሪዋን ስለማይሰሟት 5 ሚሊዮን ብትልም ውጤቱ ያው 320 ነው። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠይቃ የመጣችው እሷ ብቻ ብትሆንስ?

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው ቆጠራ የዚህ ተቃራኒ ነው። በፕሊመዝ ከተማ የአንድ በሬ ሥጋ ስንት እንደሚመዝን የተገመተባቸውን 787 ወረቀቶች በቅደም ተከተል ሲደረድር መካከለኛው 1,207 ፓውንድ ሆነ፤ በሚዛን የተገኘው 1,198 ነበር። ሰው ሁሉ ለየብቻው ጽፎ ስለነበር የአንዱ ስህተት የሌላውን ስህተት አጣፋ። እጅ በማውጣት ግን የፊት ወንበር እጅ ሲነሳ የኋላው ይከተላል፤ ስህተቱም አብሮ ይነሳል።

ስለዚህ ማንም አፉን ሳይከፍት ሩብ ሉክ ይታደል፤ ቁጥሩ ተጽፎና ታጥፎ ካርቶን ውስጥ ይግባ። መጻፍ ለማይችሉ አዛውንት ጎረቤት ይጻፍላቸው፣ ሰብሳቢው ግን አይጻፍ። ወረቀቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው የመሐሉ ይነበብ። አማካይ አይወሰድ፤ አንድ ቀልደኛ 5 ሚሊዮን ቢጽፍ አማካዩን ይዞት ይሄዳል፣ የመሐሉን ግን ቢያንቀሳቅሰው በአንድ ወረቀት ነው። ውይይቱ ከዚያ ይቀጥል፤ ሲያልቅ ሁለተኛ ወረቀት ይሰብሰብና ሁለቱም ውጤቶች ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈሩ።

ምርጫው ሦስት ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ፤ ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ጽፎበታል። ገንዘቡ ለምን ይዋል ሲባል ከ30 አባላት አሥሩ ፓምፕን፣ ከዚያ ጥበቃን፣ ከዚያ ኮብልስቶንን ይመርጣሉ። አሥሩ ጥበቃን፣ ኮብልስቶንን፣ ፓምፕን፤ አሥሩ ኮብልስቶንን፣ ፓምፕን፣ ጥበቃን። ፓምፕ ጥበቃን፣ ጥበቃ ኮብልስቶንን፣ ኮብልስቶን ደግሞ ፓምፕን፣ ሁሉም 20 ለ10 ይረታሉ። ሁለቱ ቀድመው ተወዳድረው አሸናፊው ከሦስተኛው ጋር ሲገጥም ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ኋላ የገባው ነው። ውሳኔው እንግዲህ የአጀንዳ ጸሐፊው ሆነ ማለት ነው። ሦስቱም ጥንዶች ለየብቻ ይቆጠሩ፤ እንዲህ አንዱ ሌላውን እየረታ የሚዞር ክብ ከወጣ ይነገር፣ ይጻፍ፣ ከዚያም ዕጣ ይጣል። ኮንዶሚኒየሙ ራሱ በዕጣ የተገኘ አይደል?

አንባቢዎች፣ ከአራት ኪሎ