ለአደይና ለልጆቿ፦ የምስጋና መልእክት

የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ምጽዋ የነበረ ሰው ያቺን ዕለት አይረሳትም። እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፤ ቤታችንም ጥዋለት ደሴት ላይ። ቀኑ በመጣ ቁጥር ለአባቴ ሻማ እናበራለን። ጎረቤታችንን አደይን ግን እስከ ዛሬ በአደባባይ አላመሰገንኳትም። ይሄ ሲከብደኝ ኖሯል።

ሻዕቢያ በየብስ በታንክ፣ በባሕር ደግሞ በፈጣን ጀልባዎች መጣ። መጀመሪያ የመድፉን ድምፅ ልምምድ መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን የየብሱ ሰፈር ተያዘና ደሴቶቹ ተቆረጡ። የቧንቧው ውሃም ቆመ። ምጽዋ ደግሞ በየካቲትም ቢሆን ያለ ውሃ አይዋልም።

አባቴ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዛ አደይ ቤት ገባች። ግድግዳው ወፍራም የኮራል ድንጋይ ነው። 11 ሰው ተጠጋግተን ተቀመጥን። ውሃው አንድ ጀሪካን ብቻ። አደይ በቡና ሲኒ ትለካልን ነበር፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ተራዋ ሲደርስ ሲኒውን ከንፈሯ ላይ አስነክታ ለወንድሜ ትሰጠዋለች። ያኔ የጠጣች መስሎኝ ነበር።

የበኩር ልጇ በረሃ ከወጣ ቆይቷል። ሊይዙን ከሚመጡት ጋር ይሆናል ማለት ነው። እሷ ግን ማታ ማታ ስትጸልይ የእሱንና የአባቴን ስም አከታትላ ትጠራ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ደሴቶቹም በሻዕቢያ ከተያዙ በኋላ የደርግ መንግሥት የአውሮፕላን ድብደባ ቀጠለ። ያኔም ደጇን አልዘጋችብንም።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ቤታችን ድረስ መጥታችሁ የአባቴን ነገር እውነቱን ለነገራችሁን የባሕር ኃይል ባልደረቦቹ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ ቁርጧን አውቃ አለቀሰች። በር በሩን ማየትም ተወች።

በ2010 የኤርትራ ስልክ ሲከፈት ደወልን። ያነሳው ያ በረሃ የነበረው ልጇ ነው። አደይ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እስከ መጨረሻው ግን «ያ የሚያስለው ትንሹ ልጅ እንዴት ሆነ?» እያለች ትጠይቅ እንደነበር ነገረን።

ወንድም ጋሼ፣ ትንሹ ልጅ ደህና ነው። የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። አንተንም፣ እህቶችህንም ከልብ እናመሰግናለን። የአደይን ነፍስ በአፀደ ገነት ያኑርልን።