ብርድ ልብስሽ እኔ ጋ ነው

ቀለሜዋ፣

እንዴት ነሽ አቦ? ድሬዎች እንዲህ ነው የምትሉት አይደል? ይሄን ሁሉ ዓመት ጠፍቼ «አቦ» ብዬ ስመጣ፣ ዓይን አውጣነቴ ይግረምሽ። እናትሽ ሲያርፉ ሰምቼ ነበር። ለቅሶ አልደረስኩም፣ አልደወልኩም። መጀመሪያ እጄ አጥሮ ነው፣ ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ። ስንት ማታ እሳቸው የላኩትን ቆሎ ተሻምተን በልተን! ይቅር በዪኝ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

አልዋሽሽም፣ የጻፍኩት ጉዳይ ኖሮኝ ነው። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስታወስሽ፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም፣ እኔም አልነበረኝም። ምደባው ሲወጣ ስልኳን አቀበለችኝ። «ሐረማያ» ይላል። እሷ አንደኛ የሞላችው አዲስ አበባን ነበርና ፊቷን አጠቆረች። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

«አንቺ የተማርሽው አለማያ አይደል? ይሄ ሌላ ነው?» አለችኝ። ስሙ በ1998 ተቀየረ እንጂ ያው ነው አልኳት። ያው ነው ግን? እኛ ስንገባ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከማሽላና ከድንች ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን ሕጉም ኢንጂነሪንጉም እዚያው ነው። ሕክምናው ሐረር ከተማ ነው፣ እሷም የምትመኘው እሱን ነው። ፍሬሽማን ዓመት አብዛኛው ኮርስ የጋራ ነው፣ ዲፓርትመንት በውጤት ነው የሚደርሰው። «ላይብረሪ ተሻሚ፣ ቡና አትሻሚ» ብዬ መከርኳት። አትሳቂ! እኔ ማን ሆኜ ነው የምመክረው፣ አንቺ ነሽ እንጂ ቀለሜዋ።

ግቢውን ስላቋቋሙት አሜሪካውያን፣ ስለ ኦክላሆማዎቹ ልነግራት ሞክሬ ነበር። ጃንሆይ በ1944 ከአሜሪካ ጋር ተስማምተው፣ ግቢው እስኪሠራ ትምህርቱ ጅማ እንደተጀመረ... አዛጋች። አለማያ 624 የሚባል የድንች ዘር ከዚያ እንደወጣ ስነግራት ግን «ቺፕስ ይሆናል?» አለችኝ። ልጅ ነች።

ዶርምና ምግብ እንዳለ ታውቃለች፣ ኮስት ሼሪንግ የሚለው ግን አልገባትም። ፈርመሽ ተማሪ፣ ሥራ ስትይዢ ከደሞዝሽ ይቆረጣል አልኳት። እኛ በነፃ በላን፣ በነፃ ተኛን፣ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ስናማርር ነበር። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱን ስሰማ ደስ አለኝ፣ የሽንኩርት ዋጋ ትዝ ሲለኝ ደስታዬ ቀነሰ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ እሱን ሳያልፉ መመረቅ የለም። በኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ እኔ እስካሁን ግቢው ደጃፍ፣ ባቴ በር ላይ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ስለ ሐረማያ ሐይቅ ስትጠይቀኝ ግን አፌ ተያዘ። እኛ ስንመረቅ ውሃ ነበረው። ከእኛ በኋላ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለሐረር ከተማም ሲሳብ ሲሳብ፣ ደለሉም ሲሞላው ደረቀ። ከብት ሲግጥበት በፎቶ ሳይ ማመን አቅቶኝ ነበር። አሁን ተመልሷል ይላሉ። አንቺ በዚያ ስታልፊ አይተሽዋል? ዳር ቆመን ያን ልጅ ያሾፍንበት ቦታ ውሃ ይዟል? ይሄን ለሷ አልነገርኳትም።

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ። ጥሪው ላይ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ ይላል። ብርድ ልብስ የሚለው ላይ ስደርስ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ቡናማው፣ ባለ ነጭ መስመሩ። ክሊራንስ የጨረስን ቀን ሻንጣዬ ውስጥ የከተትኩት። ተሳስቼ ነው ብዬሽ ነበር አይደል? ተሳስቼ አልነበረም። ለመንገድ ብርድ ነው እንዳልልሽ፣ አዋሽ ስንደርስ ላብ በላብ ነበርኩ። እንዲሁ ወሰድኩት፣ ምክንያቱን እኔም አላውቀውም።

አባቷ በአውቶቡስ አትሄድም ስላለ ተበድረንም ቢሆን በአውሮፕላን ድሬ እንልካታለን። ከዚያ የደንገጎን ዳገት ወጥታ ግቢው እስክትደርስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብቻዋን ርቃ ሄዳ አታውቅም። ከቻልሽ... ካልቻልሽም አይዞሽ፣ አልቀየምም። ከቻልሽ ግን ኤርፖርት ተቀበያትና እስከ በሩ አድርሻት። ቀኑን እጽፍልሻለሁ።

በቀላሉ ትለያታለሽ፣ ብርድ ልብስሽን በክንዷ ይዛለች። ብርድ ልብሱን ግን እንዳትወስጂባት፣ የግቢውን የኅዳር ብርድ አንቺም ታውቂዋለሽ። የሷን ራሴ ገዝቼ ያንቺን ታኅሣሥ ላይ ለቁልቢ ገብርኤል ስመጣ አመጣልሻለሁ። ቤትሽ ካስገባሽኝ።

ያቺ ሌባዋ