እንግሊዞቹ ያላዩትን ኳስ እኛ ደብረ ብርሃን አየነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መጀመሪያ ወቀሳዬን ልጨርስ። ባለፈው ቅዳሜ ስፖርት ገጻችሁ ላይ ያወጣችሁት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የጨዋታ ሰዓት ልክ አልነበረም። 11 ሰዓት ስላላችሁ ጋቢዬን ደርቤ ሮጥኩ፣ ጨዋታው የጀመረው ግን 12 ሰዓት ላይ ነው። እንግሊዞቹ በየዓመቱ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ እኛ አንመልስም፣ ስለዚህ ጨዋታቸው ለእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ ባዶ ኳስ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ደግነቱ ወሬ ተገኘ። የቤቱ ባለቤት ዲሹን እየነካካ «ለንደን ያለውም ሰውዬ አሁን እንደ እኛ ቲቪው ሥር ተኮልኩሎ ይሆናል» አለኝ። የለም ጋሼ፣ እሱ አያየውም አልኩት። አላመነኝም። እውነት ግን ነው፣ እዚያ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 3 ሰዓት) የሚጀመር ጨዋታ አገር ውስጥ በቀጥታ አይተላለፍም። ነገሩ የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የበርንሌይ ክለብ ሊቀመንበር የነበሩት ቦብ ሎርድ፣ ሰው ትልልቆቹን ቤቱ ቁጭ ብሎ ካየ የትንንሾቹን ክለቦች ትኬት ማን ይገዛል ብለው ሞገቱ። ክልከላው እስከ ዛሬ አለ። እኛን ግን አይመለከተንም።

በዚያው ገጽ የጻፈው አምደኛችሁም ሁሉን ነገር ከስካይ፣ ከእንግሊዞቹ የክፍያ ቴሌቪዥን፣ መጀመሩ አልተዋጠልኝም። ቢቢሲ ኳስን በቲቪ የሞከረው በ1937 ነው፣ አርሰናል ከራሱ ተጠባባቂዎች ጋር በሜዳው ሃይበሪ ላይ ለካሜራ ሲባል ተጫወተ። (ያኔ የእኛዎቹ እነ አበበ አረጋይ ሸዋ ዱር ውስጥ ከጣሊያን ጋር ይተናነቁ ነበር፣ ኳስ ማን ትዝ ሊለው!) በዓመቱ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ፕሪስተን ከሀደርስፊልድ፣ በቀጥታ ታየ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ቴሌቪዥኑ ራሱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባብዛኛው የፍርሃት ታሪክ ነው። በ1960 አይቲቪ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ጣቢያ የብላክፑልና የቦልተንን የሊግ ጨዋታ በቀጥታ አሳየ፣ ወዲያው ውሉ ፈረሰ፣ የሊግ ጨዋታ እንደገና በቀጥታ የታየው በ1983 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት! በመሃል ሰው የጎል ቅንጭብ ለማየት ማታ ይጠብቃል። የቢቢሲው የቅንጭብ ፕሮግራም ማች ኦፍ ዘ ዴይ ነሐሴ 1964 ሲጀምር ሊቨርፑል አርሰናልን 3 ለ 2 ያሸነፈበትን አሳይቶ፣ የተመልካቹ ቁጥር ወደ 20 ሺህ ገደማ ነበር፣ አንፊልድ የገባው ሰው እንኳ ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ጣቢያው ቢቢሲ ሁለት ገና ለለንደን አካባቢ ብቻ ነበርና። የእኛም ቴሌቪዥን የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፣ ጥቂት ወራት ዘግይቶ።

ስካይ በ1992 ከቢቢሲ ጋር ሆኖ ለፕሪሚየር ሊግ ለአምስት ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል ነው ገንዘቡ ፍርሃቱን ያሸነፈው። እሱም ሁሉንም አይደለም፣ የቅዳሜዋ 9 ሰዓት አሁንም ዝግ ናት።

ይህን ሁሉ ስነግረው ባለቤቱ ዝም ብሎ ሰማኝና «እና እንግሊዞች የማያዩትን ነው በዚህ ዋጋ የማሳያችሁ?» አለ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። በማግስቱ እሁድ ስሄድ መግቢያው ጨምሯል።

ለማንኛውም እስከ መጋቢት ድረስ 12 ሰዓት ብላችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን