በእቴቴ ስም የቅሬ ቤት እንሥራ

በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? እቴቴ በየካቲት ወደ አኼራ መሄዳቸውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። መምጣት ያልቻላችሁም ደውላችሁ አጽናንታችሁናል፤ ውለታችሁን አላህ ይክፈል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ልንለምናችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቅ ከተማ ከፍ ብሎ ያለው የሰፈራችን ቅሬ የራሱ ቤት ኖሮት አያውቅም። (አዲስ አበባ የተወለዳችሁ ልጆች፣ ቅሬ የናንተው እድር ነው።) ድንኳኑ፣ ቃሬዛው፣ ትልልቁ ድስት፣ ጀበናው፣ ስኒው፣ አግዳሚው ሁሉ የሚቀመጠው እቴቴ ጓዳ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ቢባል በትክክል የሚያስታውስ የለም። ሽማግሌዎቹ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ነው ይላሉ።

እቴቴ የተወለዱት ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን በደበደበበት በ1928 ዓ.ም. ነው። ቢያንስ ቤተሰቡ የሚቆጥረው እንደዚያ ነው። በልጅነታቸው ተዳሩ። ዘጠኝ ወልደው አምስት አሳደጉ። የ1966ንም የ1977ንም ረሃብ አይተዋል። በ1977 ቅሬው በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ሰው የሚቀብርበት ጊዜ ነበር። ለከፈን የሚሆን አቡጀዲ ሲጠፋ፣ እቴቴ ለእናታቸው ብለው ያስቀመጡትን ከሣጥን አውጥተው ለጎረቤት ልጆች ቀደዱት።

ባላቸው በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር የተወሰዱትም ያኔ ነው። ወሬያቸው ጠፋ። ዘመድ አዝማድ «ተስፋሽን ቁረጪ፣ ሌላ አግቢ» ቢላቸውም እቴቴ አልሰሙም። በሬ እየተዋሱ መሬቱን አሳረሱ፣ ልጆቹንም ያዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰውየው ብዙውን መንገድ በእግራቸው አቋርጠው አንድ ሌሊት በር አንኳኩ። ከዚያም አብረው አረጁ። የባላቸው ዓይን ሲጠፋ እቴቴ በየጁምዓው እጃቸውን ይዘው መስጊድ በር ያደርሷቸው ነበር። ሰላቱ እስኪያልቅ ከዋርካው ሥር እንዝርታቸውን እያሾሩ ይጠብቋቸዋል።

እኛ ግን እቴቴን ይበልጥ የምናውቃቸው በለቅሶ ቤት ነው። ቅሬያችን የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው። የሥጋ ድስቱ ለየብቻ ነው። የእስላሙ ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ የክርስቲያኑ ባዶውን ነው። ጨርቁ ሲበላሽ እየቀየሩ ሲያስሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ክርስቲያን ቤት ተዝካር ሲኖር ድስቱን አጥበው፣ አሸክመው፣ ቀድመው ይገኛሉ። ሽንኩርት ሲከትፉ ያረፍዳሉ። ሥጋው ሲመጣ ወደ ቡናው ይዞራሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ስኒ ሲጎድል ግን ማን ቤት እንደቀረ ያውቃሉ። ሰው ፊት አያነሱትም። «ነገ ቡና ጠጡ» ብለው ይጠሩሃል፣ አንተም ስኒዋን ይዘህ ትሄዳለህ።

በ2014ቱ ጦርነት ሰው ሲሸሽ እሳቸው ከቤታቸው አልወጡም። ድስቶቹን ጭድ ውስጥ ቀበሯቸው፣ ተረፉ። ድንኳኑ ግን አልተረፈም። እስከ ዛሬ ለቅሶ የምንቀመጠው በተዋስነው ሸራ ሥር ነው።

አሁን ያ ቤት የልጅ ልጃቸው ቤት ነው። ልጁ ባለትዳር ነው፣ ልጆች አሉት፣ ጓዳውም ያስፈልገዋል። አይፈረድበትም። የቅሬው ዕቃ በየሰዉ ቤት ተበትኗል። በቅርቡ አንዲት ምጥ የያዛት ልጅ እስከ አስፋልቱ ለማውረድ ቃሬዛው ማን ቤት እንዳለ ስናፈላልግ ብዙ ሰዓት ሄደ። ደግነቱ በሰላም ተገላገለች። ቀብርስ ቢሆን ትንሽ ይቆያል፤ ምጥ ግን አይቆይም።

የእቴቴ ልጆች የአርባውን ሰደቃ አሳንሰው፣ ለሁለተኛው በሬ የያዙትን ብር ለቅሬው አስረከቡ። «እሳቸውን የመሰለ ሰው በአንድ በሬ?» ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም። እኔ ግን ልጆቹ እናታቸውን ያውቋታል ባይ ነኝ።

ያሰብነው ቤት 6 በ8 ሜትር ነው። አንዱ ክፍል ለዕቃው፣ ሰፊው ለመቀመጫ ይሆናል። ቀበሌው ቦታ ፈቅዷል። ድንጋዩን በደቦ እያጓጓዝን ነው። ባህር ዛፉንም የሰፈሩ ሰው ከየጓሮው ሰጥቷል። የጎደለን በገንዘብ የሚገዛው ነው፦ ሲሚንቶ፣ ምስማር፣ 50 ያህል ቆርቆሮ፣ ከጣሪያው ውኃ የሚያጠራቅም ሮቶ፣ አንድ ደህና ድንኳን። ቆርቆሮውን በ35 ጌጅ ጨርሱት የሚሉ አሉ። ዋጋው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ስስ ነው፤ የኛን ተራራ ንፋስ ታውቁታላችሁ። 28 ጌጅ ይሁን ብለን ወስነናል።

ሳውዲና ቤሩት ያላችሁ እህቶቻችን፣ የናንተ ላብ ስንት ቤት እንደሚደርስ እናውቃለን። ስለዚህ አቅማችሁ የፈቀደውን ብቻ። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋም ይበቃል። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ መኪና ያለው አንድ ዙር ቢጭንልን ትልቅ ነገር ነው። ሙያ ያለው ደግሞ አንድ ቅዳሜ ይስጠን።

የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን ብለን ተከራክረን፣ አሸንፈን ነው። ቁጥሩን ከቅሬው ዳኛ ወይም ከጸሐፊው በስልክ ጠይቁ፤ ከሌላ ሰው የመጣ ቁጥር ላይ አታስገቡ። የሰጣችሁት በየወሩ የቅሬ ስብሰባ ላይ በስማችሁ ይነበባል። ስሜ አይነበብ የሚል ካለ ይንገረን። ጣሪያውን ሰኔ ሳይገባ ማልበስ ስላለብን እስከ ግንቦት አጋማሽ ብትልኩልን ይሻላል።

የቅሬው ስኒ ወይም ድስት ቤቱ የቀረ ካለም ይመልስ፤ ማንም ምንም አይጠይቀውም።