ለአባባ፣ ከዕቃው ካርቶን ጋር

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወረቀቱን ከዕቃው በላይ ያደረግኩት ካርቶኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ እንዲያገኙት ነው። በስልክ ስጀምርልዎ «በይ እናትሽን ላቅርብልሽ» ይሉኛል፤ ነገሩ ሳይደርስዎ እኔና እማዬ ስለ በርበሬ ማውራት እንጀምራለን። ስለዚህ ጻፍኩት።

የሞተሩን ላስቀድም። አሮጌዋን ላንድክሩዘርዎን ዳማን ለማደስ ከጨረታ ያነሱት ላንድክሩዘር 75 እንደ እሷ ቱ ኤች የሚባለው ናፍጣ ሞተር ያለው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በ40ውም፣ በ60ውም፣ በ75ውም ላይ ያው 3,980 ሲሲ፣ ያው ስድስት ፒስተን ነው፤ 75ው ላይ ዋን ኤችዜድ በሚባለው ሞተር የተተካው በፈረንጆቹ 1990 ነው። ግን ብሎኩ ገጠመ ማለት ብሎኩ ላይ የታሰረው ሁሉ ገጠመ ማለት አይደለም። ቱ ኤች በ12 ቮልትም በ24 ቮልትም ተሠርቷል፤ ዳማ ደግሞ 12 ናት። የ75ውን ሞተሪኖና ዲናሞ በጨርቅ ጠርገው የተለጠፈባቸውን ያንብቡ። 24 የሚል ከሆነ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ስድስቱም ካንዴሌታ (ሞተሩ እንዲነሳ ውስጡን የሚያሞቁት)፣ እንዲሁም ፖምፓው ጎን ያለችው ናፍጣ የምትከፍተውና የምትዘጋው ትንሽ ሞተር በሙሉ ከዳማ አሮጌ ሞተር ይዛወሩ። አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ሲያደርጉ ነው የሚበላሸው። የ24ቱ ሞተሪኖ በ12 ባትሪ እየጎተተ ነው የሚዞር፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ በዚያ ፍጥነት ናፍጣ ሞተር አይነሳም። የ12 ካንዴሌታ 24 ካገኘ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ጫፉ ይቃጠላል፤ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ከወደቀ ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) ማውረድ ነው።

75ው ተገልብጦ የተነሳ መሆኑን አይርሱ። ተገልብጦ ሳለ ሞተሩ ቶሎ ካልጠፋ ዘይት ከፒስተኑ በላይ ይገባል፤ ዘይት ደግሞ አይታመቅም፤ የሚታጠፈው ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። ስለዚህ ሞተሪኖ ከመንካትዎ በፊት ስድስቱን ካንዴሌታ ያውጡና በፊት ባለው የክራንክ ብሎን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። የገባ ዘይት ካለ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ድርቅ ብሎ ከቆመ አያስገድዱት።

ከዚያ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ይለኩ፤ መለኪያዬን በካርቶኑ ጥግ በፎጣ ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ፣ በካንዴሌታው ቀዳዳ የሚገባ ነው። ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ቢያንስ አይደንግጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። የሚታየው በስድስቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወደቁ የቴስታታው ጋርኒሲዮን በመካከላቸው ተበልቷል። አንዱ ለብቻው ከወደቀ ቫልቭ ወይም ያ የፈራነው ቢየላ ነው። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ሲሞቅ አስገቢው 0.20፣ አስወጪው 0.36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውፍረት መለኪያው እርስዎ ዘንድ አለ። ፖምፓው ላይ የታሸገችውን ብሎን ግን ማንም እንዳይነካት። ጥቁር ጭስ ካሳየ አየሩ ሳስቶ ነው እንጂ ናፍጣ አንሶት አይደለም፤ ናፍጣ መጨመር ጭሱን ያባብሰዋል።

ባለ አምስት ማርሹን ካምቢዮ መውሰድዎ ደግ ነው፤ ጥርሱ አልቆ ከሚጮኸው ከአሮጌው ይሻላል። በፍላይዊሉ መካከል ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታ ሳይቀይሩ አይግጠሙት፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ኋላ ስትጮህ ግን ካምቢዮ መልሶ ማውረድ ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሐል ላይ ካልተቀመጠ ካምቢዮው አይገባም። ያኔ በብሎን እየሳቡ አያስገቡት፤ የቤቱ ጆሮ ይሰነጠቃል። ይህ ካምቢዮ ረዘም ስለሚል የኋላው ትራስሚሲዮን (ኃይሉን ወደ አክሱሉ የሚወስደው ዘንግ) ያጥራል፣ የፊተኛው ይረዝማል። ሁለቱንም ቶርኖ ቤት ወስዶ ከተበየደ በኋላ ሚዛኑን ማስጠበቅ ያስፈልጋል።

የ75ውን የጨረታ ደረሰኝ የት እንዳስቀመጡት ለእማዬ ይንገሯት። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከአዲሱ ጋር አይገጥምም፤ ያለዚያ ወረቀት ቦሎ የለም።

የፊቱን ዲፈረንሻል ከ75ው ከማዛወርዎ በፊት ጥርሱን ይቁጠሩ። ትልቁ 37 ሆኖ ትንሹ 9 ከሆነ 4.11 ነው፤ ትንሹ 10 ከሆነ 3.70። ዳማ ኋላ ያላትን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፦ ካምቢዮና ትራንስፈር ባዶ ላይ ሆነው፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አንሥቶ፣ ሌላው መሬት ይዞ፣ የተነሣውን ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ነው። ትራስሚሲዮኑ አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 4.11፣ አራት ሳይሞላ ከቆመ 3.70 ነው። የፊትና የኋላው ከተለያየ አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ባስገቡ ቁጥር እርስ በርስ ይተናነቃሉ፤ ደረቅ መንገድ ላይ አንዱ ጥርስ ይበላል።

ስለ መቁጠር ካነሣሁ፣ ማሙሽ አሁን እስከ ሺህ ይቆጥራል። ሚጣ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ «አያቴ እንዳይስቅብኝ» ብላ በስልክ እንኳ አፏን ሸፍና ነው የምታወራው። ማሙሽ ዳማን ቀይ ከለር ቀብቶ ሥሏታል፤ ጎማዋ ግን አምስት ነው። ሥዕሉ ከግራሶው ሥር አለ።

አሁን ወደ ፊት አክሱሉ ልምጣ። ካርቶኑ ውስጥ የሁለቱም ጎን ሙሉ አለ፦ የጎማ ኩሽኔታ አራት፣ የመሪው ጉልበት ኩሽኔታ አራት፣ የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት) ፓራዮሊዮ፣ ማለት የዘይት መከላከያ፣ ሁለት፣ የሴምያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ፓራዮሊዮ ሁለት፣ የጉልበቱ ኳስ መጥረጊያ ፌልትና ጎማ፣ ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግራሶ። ሲከፍቱት ግራሶው እንደ ሾርባ ቀጥኖ ካገኙት የውስጡ የሴምያስ ፓራዮሊዮ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ገብቶበታል ማለት ነው፤ ግራሶ ብቻ መጨመር ምንም አይጠቅምም። የሞዞው ክዳን ስድስት ዳዶ አለው፤ ዳዶው ቢወጣም ክዳኑ አይለቅም፤ ከሥሩ ሾጣጣ ሮንዴላዎች ስላሉ ነው። በነሐስ በጎን ሲመቱት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በብረት መዶሻ ግን ክሩ ይጠፋል። የጉልበቱን የላይና የታች ቀጫጭን ሮንዴላዎች እንዳያደባልቁ፤ ኳሱን መሐል ላይ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው የጎማውን ኩሽኔታ የሚይዘው የ54 ሚሊ ሜትሩ ዳዶ ነው። በ60 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፣ ሞዞው እየዞረ ኩሽኔታው ይቀመጣል፣ ይላላል፣ እንደገና እጅግ በቀስታ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቆላፊው ይገባል። ሲላላ ጎማው ይወዛወዛል፤ ሲበዛ ኩሽኔታው ይነድዳል። በሁለቱ መካከል ያለው የእጅ ስሜት ነው።

አባባ፣ ይህን የእጅ ስሜት ያስተማሩት ወንድሜን ነው። እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ። «ወደ ግራ አብሪ፣ ዝቅ አርጊ፣ አትወዝውዢው።» ቁልፉን የሚቀበለው እሱ፣ ዳዶውን በጣቱ የሚሞክረው እሱ። አውቶ መካኒክ ሲደርሰኝ ያሉኝን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አልደግመውም። የምረቃዬ ቀን እማዬ ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች፤ እኔም ለምን እንደቀሩ አልጠየቅኋትም። ወንድሜ ዛሬ የራሱን መኪና ዘይት ከፍቶ አያይም፤ አልፈርድበትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ባትሪ ይዤ የማየው የእርስዎን እጅ ነበር፤ እንጀራዬን የምበላው በዚያ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ «ምን አየሽ?» አላሉኝም።

ያን እጅ አሁንም አየዋለሁ። መስቀል ላይ ስኒውን በሁለት እጅዎ ይዘው ነበር። እማዬ ዳዶ ከሣር ውስጥ እየለቀመች እንደምትሰጥዎ ነግራኛለች፤ አትቆጧት። የጥቅምቱ የሐኪም ቀጠሮ ማለፉንም አውቃለሁ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ዳዶው ምን ያህል እንደጠበቀ አይነግርዎትም። ይህን ለመጻፍ ነው ከሞተሩ የጀመርኩት።

መኪናዋ ከክሪኩ ተንሸራታ እንደነበረም ሰምቻለሁ። በክሪክ ብቻ ሥሯ አይግቡ። ጥርብ የባሕር ዛፍ ግንድ አክሱሉ ሥር ግራና ቀኝ ያስገቡ፣ የኋላ ጎማ በድንጋይ ይያዝ። ድንጋይ ግን ከሻንሲ ሥር አይሆንም፤ ይፈነዳል።

ከ60ው የመጣውን ዲስክ ፍሬን ካሰሩት ማስተሩም አብሮ ከ60ው ይምጣ። የድሮው ማስተር ለታምቡር የተሠራ ነው፤ ትንሽ ግፊት መስመሩ ውስጥ የምታስቀር ቫልቭ አለችው። ለዲስክ ሲሆን ሸራው አይለቅም፣ ይጋላል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ነው የሚነካው። እርስዎ ደግሞ ዳማ እንዳለቀች ሸዋ ሮቢት ልትወርዱ እንዳሰባችሁ እማዬ አምልጧት ነግራኛለች። ያንን ቁልቁለት በዚያ እጅ አይውረዱት፣ አባባ። ዳማ ተሠርታ ብታልቅም አይውረዱት። ተቆጡኝ፣ ግን አይውረዱት።

ለገና ዋዜማ እመጣለሁ፤ የጥብቀቱን ልክ የሚያሳየውን ባለ ቁጥሩን ቁልፍና የ54ቱን ይዤ። ከበዓሉ በኋላ አብረን አዲስ አበባ እንመለሳለን፤ ሐኪም ዘንድ ሌላ ቀጠሮ አስይዣለሁ። ግራውን ጎማ እስከዚያ ከፈቱት የላይኛውን ሮንዴላ በአንድ ወረቀት፣ የታችኛውን በሌላ ጠቅልለው ይጻፉበት። የዲፈረንሻሉን ቁጥር ለማሙሽ በስልክ ይንገሩት፤ እሱ ይጽፍልኛል። የቀኙን ጎማ ግን እስክመጣ አይፍቱት።

ልጅዎ